የኢንቾኑ ጄኔራል ለምን ተባረረ?

በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ሃምሳ አለቃ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ጡረታቸውን በተቀበሉ ማግስት ከቤታቸው ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው ለሰፈሩ ልጆች ስለ ኮሪያ በረዶ፣ ሌሊት ስለሚነፋው የቻይኖች ጥሩንባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ጄኔራል ማክአርተር ያወጉን ነበር። ጄኔራሉ ቃኘው ሻለቃን ሊጎበኝ መጥቶ በዓይናቸው በብረቱ እንዳዩት፣ ፒፓውን ከአፉ ሳያወጣ ሰላምታ እንደሰጣቸው ደጋግመው ነግረውናል። እኛም አምነን ተቀብለናል።

ሕግ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ስለ ሲቪል አስተዳደርና ስለ ጦር ኃይል ግንኙነት አንድ የክፍል ጽሑፍ ሳዘጋጅ የማክአርተር ነገር እጄ ገባ። ቀኖቹ ግን አልገጥም አሉኝ። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ማክአርተርን ከሥልጣኑ ያነሳው ኤፕሪል 11 ቀን 1951 ነው (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከጂቡቲ በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ወደብ የደረሰው ደግሞ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ነው። ሃምሳ አለቃው ያን ሰው ኮሪያ ውስጥ ሊያዩት አይችሉም ነበር። ይህን ሄጄ አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በቀን መቁጠሪያ ማፍረስ ነውር መስሎ ታየኝ። ይሁን እንጂ ተባርሮ አገሩ የገባ ጄኔራል በወታደሮቹ ልብ ውስጥ አዛዥ ሆኖ የመቅረቱ ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያስገርመኛል። የማክአርተርን ሕይወት ዛሬ የማነሳውም ለዚህ ነው።

ዳግላስ ማክአርተር ጃንዋሪ 26 ቀን 1880 በአርካንሶ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ፣ በጦር ሠፈር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አርተር ማክአርተር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፈጸመው ጀብዱ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው። እናቱ ደግሞ ልጇ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሲገባ እርሷም ከአካዳሚው አጠገብ ሆቴል ይዛ ተቀመጠች። ልጁም በ1903 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ስለ እናትየዋ ብዙ ይላሉ። ሕግ ለተማረ ሰው ግን ይበልጥ የሚስበው የአባትየው ታሪክ ነው።

አርተር ማክአርተር በ1900 የፊሊፒንስ ወታደራዊ ገዢ ነበር። ፕሬዚዳንት ማኪንሊ አገሪቱን ወደ ሲቪል አስተዳደር የሚያሸጋግር ኮሚሽን ሲልክ ሰብሳቢው ዳኛ የነበረው ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ሆነ። ጄኔራሉ በጦር ሜዳ የያዘውን አገር ከአንድ የሕግ ሰው ጋር ተካፍሎ መግዛትን እንደ ውርደት ቆጠረው። ታፍትን አኮረፈው፤ ጎንተለው፤ ሥራውን አጓተተበት። በ1901 ከቦታው ተነሳ። ታፍት ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ማክአርተር አባት ደግሞ በማዕረግ የሠራዊቱ ቁንጮ ሆኖ ሳለ የኤታማዦር ሹምነቱን ወንበር ሳያገኝ በ1912 ሞተ። ልጁ ይህን ቂም ቤት ውስጥ እየሰማ ነው ያደገው።

የሚቀጥሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የብረት ቆብ አላጠልቅም እያለ ከፊት መስመር የሚገኝ መኮንን ነበር፤ ብርጋዴር ጄኔራልም ሆነ። በ1930 አባቱ ያጣውን የኤታማዦር ሹምነት ወንበር አገኘ። በጁላይ 1932 የተሰጣቸው የአበል ቃል ኪዳን ቀደም ብሎ ይከፈለን ያሉ የጦርነቱ አንጋፋ ወታደሮች በዋሽንግተን ሰፍረው ሳለ ጦር ይዞ ራሱ ወጣና በተናቸው። ፕሬዚዳንት ሁቨር የአናኮስቲያን ድልድይ እንዳይሻገር መልእክት ልኮበት ነበር። ማክአርተር ተሻገረ፤ ሠፈሩም ተቃጠለ። መልእክቱ ደርሶት ነበር ወይስ አልደረሰውም የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው በማግስቱ ያልተጠየቀ መሆኑ ነው።

ከዚያ ፊሊፒንስ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ከሰዓታት በኋላ የእርሱ አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንደቆሙ ተቃጠሉ። በባታን ልሳነ ምድርና በኮሬጊዶር ደሴት ተከበበ፤ በማርች 1942 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትዕዛዝ በትንሽ የጦር ጀልባ ሌሊት ሾልኮ ወጥቶ አውስትራሊያ ገባ፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ቃል ገባ። ጥሏቸው የሄደው ከ70 ሺህ በላይ የፊሊፒንስና የአሜሪካ ወታደሮች በኤፕሪል እጃቸውን ሰጡ። ለእርሱ የአባቱ ዓይነት ሜዳይ ተሰጠው። ለተሸነፈ ጄኔራል እንዲህ ያለ ሽልማት የሚሰጠው አገር ጀግና ሲቸግረው ነው ብዬ አስባለሁ።

ይህ ሽንፈት ግን አስተማረው። ከኒው ጊኒ እስከ ፊሊፒንስ በተደረገው ጉዞ ጠላት የተመሸገበትን ቦታ እየዘለለ፣ ባዶ ወደተተወው የባሕር ዳርቻ በመርከብ እየገባ፣ ከኋላው የቀረውን የጃፓን ጦር ስንቅና ጥይት በማሳጣት አደከመው። በኤፕሪል 1944 ሆላንዲያ ላይ እንዲህ አደረገ፤ ኦክቶበር 20 ቀን 1944 ሌይቴ ላይ ውሃውን እየረገጠ ወርዶ ቃሉን ፈጸመ። ከባሕር ወደ የብስ ወታደር የማውረድን ጥበብ በዚያ ዘመን ከእርሱ የበለጠ የሠራበት የምድር ጦር አዛዥ ማግኘት ያስቸግራል።

ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ቶኪዮ ላይ ከንጉሥ ያላነሰ ሥልጣን ያዘ። የእኔ ዓይነቱን ሰው የሚያስደምመው የሕገ መንግሥቱ ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 1946 የጃፓን መንግሥት ያቀረበውን ረቂቅ አልወደደውምና የራሱን ሠራተኞች ሰብስቦ አዲስ እንዲጽፉ አዘዘ። አንድ ሳምንት ገደማ ነው የፈጀባቸው። የሴቶችን እኩልነት የሚመለከተውን ክፍል የነደፈችው ቢያቴ ሲሮታ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። አንቀጽ 9 ጃፓን ጦርነትን እርም እንድትል አደረገ። አንቀጽ 66 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆነ ሚኒስትሮቹ በሙሉ ሲቪል መሆን አለባቸው ይላል። ይህኛው የገባው አሸናፊዎቹ አገሮች ባቋቋሙት የሩቅ ምሥራቅ ኮሚሽን ግፊት ቢሆንም ለጃፓኖቹ ያስተላለፈው የማክአርተር ቢሮ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሜይ 3 ቀን 1947 ሥራ ላይ ዋለ። ለሌላ አገር የጻፉትን መድኃኒት ራስ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጁን 25 ቀን 1950 የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን መስመር ተሻግሮ ደቡብን ወረረ። ሴኡል በሦስት ቀን ወደቀች። በኦገስት የደቡብ ኮሪያና የአሜሪካ ጦር በደቡብ ምሥራቁ ጥግ በፑሳን ዙሪያ ተጨንቆ ባሕር ጀርባው ሆኖ ይዋጋ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ተብሎ የተሾመው ማክአርተር 70 ዓመቱ ነው። እርሱ ዓይኑን የጣለው ከፑሳን ርቃ በምትገኘው ኢንቾን ላይ ነበር። ኢንቾን የሴኡል ወደብ ናት፤ ከዋና ከተማዋ ከ40 ኪሎ ሜትር አትበልጥም። በፑሳን ዙሪያ ለሚዋጋው የሰሜን ጦር ጥይትና እህል የሚያደርሰው ባቡርና መንገድ ሁሉ በሴኡል በኩል ያልፋል። ኢንቾንን የያዘ የሰሜንን ጦር ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው።

ችግሩ ባሕሩ ነው። በኢንቾን የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት ዘጠኝ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ውሃው ሲሸሽ ለኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ ጭቃ ይቀራል፤ ጀልባም ሰውም ይውጣል። ከባድ መርከቦች ሊጠጉ የሚችሉት በወር ውስጥ በጥቂት ቀናት፣ በቀኑም ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። መግቢያው ጠባብ ነው፤ አንድ መርከብ ቢሰምጥበት ሌላው ይዘጋበታል። አሸዋማ ዳርቻ የለም፤ ወታደሩ በመሰላል የወደብ ግንብ ወጥቶ በቀጥታ ከተማ ውስጥ ነው የሚገባው። ወደቡን የምትጠብቅ ወልሚዶ የምትባል ትንሽ ደሴት ደግሞ አለች። እርሷን በጠዋቱ ሙላት መያዝ፣ ከዚያ ውሃው ሸሽቶ እስኪመለስ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ፣ ዋናውን ከተማ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ማጥቃት ግድ ነበር። ጠላት ለመዘጋጀት ሙሉ ቀን አለው ማለት ነው። ተስማሚው ቀን ሴፕቴምበር 15 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 1943 መሆኑ ነው።

ኦገስት 23 ቀን የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ኮሊንስና የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሸርማን ቶኪዮ ድረስ መጡ። የመጡት ሊያስተዉት ነው፤ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ኩንሳን ላይ ቢሆንስ የሚል አሳብ ነበራቸው። የባሕር ኃይል መኮንኖች ከአንድ ሰዓት በላይ ችግሮቹን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። መርከቦቹን የሚመራው አድሚራል ዶይል በመጨረሻ ሊል የቻለው ፈጽሞ የማይቻል ግን አይደለም የሚል ብቻ ነበር። ማክአርተር ፒፓውን እያጨሰ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ማስታወሻ ሳይይዝ አንድ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረ። በ1759 እንግሊዛዊው ዎልፍ ኬቤክን የያዘው ጠላቱ ማንም አይወጣውም ባለው ገደል ወጥቶ መሆኑን አነሳ። የዘረዘራችሁት ችግር ሁሉ የሰሜን አዛዦችም የሚያውቁት ነው፤ ስለዚህም አይጠብቁንም ነው ክርክሩ። ቀናት ቆይቶ ዋሽንግተን ፈቀደች። እኔ በሕይወቴ ብዙ የቃል ክርክር ሰምቻለሁ፤ የተቃራኒ ወገንን ማስረጃ በሙሉ ተቀብሎ ለራስ ማስረጃ ማድረግን የመሰለ ከባድ ነገር የለም።

ዩጂን ክላርክ የተባለ የባሕር ኃይል ሌተናንት ከሁለት ሳምንት በፊት በአካባቢው ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ወርዶ ከኮሪያውያን ጋር ሆኖ የጭቃውን ጥልቀትና የግንቡን ከፍታ ለካ። በጥቃቱ ሌሊት ፓልሚዶ ላይ ያለውን የመርከቦች መሪ መብራት አበራው። የረዱትን የደሴቲቱን ሰዎች የሰሜን ወታደሮች ተመልሰው ፈጇቸው። በዚህ በኩል ደግሞ ሴፕቴምበር 10 የአሜሪካ አውሮፕላኖች የወልሚዶን መሸሸጊያ ዛፍና ቤት ሁሉ በናፓልም አቃጠሉ። መንደርተኞቹም አብረው ነደዱ። የደቡብ ኮሪያ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ2008 የሞቱት ነዋሪዎች ወደ 100 እንደሚጠጉ አረጋግጧል። ስለ ኢንቾን የተጻፉ የድል ታሪኮች አብዛኞቹ ይህን አያነሱም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሪኖች ወልሚዶ ላይ ወረዱ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደሴቲቱ ተያዘች። ውሃው ሸሸ፤ ቀኑን ሙሉ ከዋናው መርከብ ኃይል ተነጥለው ቆዩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሙላቱ ሲመለስ ሌሎቹ በመሰላል ግንቡን እየወጡ ገቡ። ከ200 በላይ መርከቦች የተሳተፉበት፣ በጠቅላላው ወደ 70 ሺህ ሰው የተመደበበት ዘመቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሞቱት አሜሪካውያን ከ20 ብዙም አይበልጡም። በማግስቱ ኢንቾን ተያዘች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሴኡል። በፑሳን ዙሪያ የነበረው የሰሜን ጦር ተበታትኖ ሸሸ። አደጋ አለው ያሉት ሁሉ ተሳስተው፣ እርሱ ብቻውን ልክ ሆኖ ተገኘ።

እንደ እኔ አስተያየት የማክአርተር ውድቀት የጀመረው በዚህ ቀን ነው። ኢንቾን ላይ የተናገሩት መኮንኖች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ያቀረቡት ቁጥርም ትክክል ነበር። ከሴፕቴምበር 15 በኋላ ግን ቁጥር ይዞ ፊቱ የሚቆም ሰው ጠፋ። ሴኡል ላይ የሲንግማን ሪን መንግሥት መልሶ ለማቋቋም የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል ቢሉት ተቆጣ፤ ሴፕቴምበር 29 ከፎቁ ጣሪያ የመስተዋት ስብርባሪ እየረገፈ ሥነ ሥርዓቱን ፈጸመ። በዚያው ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርሻል ወደ ሰሜን ሲዘልቅ እጁ እንዳልታሰረ እንዲሰማው የሚገልጽ መልእክት ላከለት። ያንኑ የማሪኖች ክፍለ ጦር እንደገና በመርከብ አሳፍሮ ኮሪያን አዙሮ በምሥራቁ ዳርቻ ዎንሳን ላይ ሊያወርድ ላከ። ወደቡ በሺህ በሚቆጠር ፈንጂ ታጥሮ ነበርና ማሪኖቹ ባሕሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ የደቡብ ኮሪያ ወታደሮች በእግር ቀድመው ከተማዋን ያዙ። ቀልደኛው ቦብ ሆፕ እንኳ ከማሪኖቹ ቀድሞ ዎንሳን ደርሶ ትርዒት አሳየ። ሁለተኛዋ ኢንቾን መሳቂያ ሆነች፤ ነገር ግን ጄኔራሉን ማንም አልሳቀበትም።

የጥምር ኤታማዦር ሹሞቹ ከማንቹሪያ ድንበር አጠገብ ከደቡብ ኮሪያውያን በቀር ሌላ ጦር እንዳይሰማራ መመሪያ ሰጥተውት ነበር። ኦክቶበር 24 ሁሉም ጦር እስከ ያሉ ወንዝ እንዲገፋ አዘዘ። ለምን ብለው ቢጠይቁት ወታደራዊ ግዴታ ነው አለ፤ እነርሱም ተዉት። የሕግ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ኋላ ላይ የተሰናበተበት ጥፋት ንግግርና ደብዳቤ ነው፤ በድርጊት መመሪያ የጣሰው ግን በዚህ ቀን ነው። ከኢንቾን ገና አርባ ቀን አልሞላም፤ ማን ይጠይቀዋል?

ኦክቶበር 15 ዌክ ደሴት ላይ ትሩማንን አግኝቶ ቻይና በብዛት እንደማትገባ አረጋግጦለት ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቻይና ጦር በበረዶው መሐል ወረደበት። ጦሩ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 1951 ሴኡል እንደገና ተለቀቀች። ሁኔታውን የለወጠው ከሥሩ የተሾመው ጄኔራል ሪጅዌይ ነው። ማክአርተር ደግሞ ጦርነቱ ወደ ቻይና ይስፋ የሚል ክርክር በአደባባይ ይዞ ነበር። በዲሴምበር 1950 የውጭ ፖሊሲን የሚነካ መግለጫ ከመሰጠቱ በፊት ዋሽንግተን እንድታየው የሚያዝ መመሪያ ወጣ። በማርች 1951 ትሩማን የተኩስ ማቆም ጥሪ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ ማክአርተር ቀድሞ ለቻይና አዛዥ የሚያዋርድ ማስፈራሪያ አወጣ፤ ጥሪው ከሸፈ። ኤፕሪል 5 ደግሞ ለተቃዋሚው ፓርቲ የምክር ቤት መሪ ለጆሴፍ ማርቲን የጻፈው የመንግሥትን ፖሊሲ የሚነቅፍ ደብዳቤ በምክር ቤቱ ተነበበ።

ትሩማን ከስድስት ቀን በኋላ አሰናበተው። ማርሻልም የጥምር ኤታማዦር ሹሞቹም ተስማምተውበታል። አፈጻጸሙ ግን ያሳፍራል፤ ወሬው ከትዕዛዙ ቀድሞ በሬዲዮ ተሰምቶ ቤቱ ምሳ ላይ ሳለ ሚስቱ ናት የነገረችው። አገሩ ሲገባ ኒውዮርክ ሚሊዮኖች ወጡለት፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ሰሙት፤ የትሩማን ምስል በየከተማው ተቃጠለ። ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ የሚባረረው ትሩማን ነበር። ፕሬዚዳንቱ በእጁ የነበረው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ ብቻ ነው፤ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ፕሬዚዳንቱ ነው የምትል አጭር ሐረግ። የሴኔቱ ምርመራ ሳምንታት ከፈጀ በኋላ ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ።

በእኛ አቆጣጠር በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን ይደነግጋል። የደርግን ዘመን በተማሪነት ላሳለፈ የእኔ ትውልድ ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም እኛ ስለዚህ ነገር ስንከራከር ሁልጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው መፈንቅለ መንግሥት የሚያደርግ መኮንን ነው። ማክአርተር መፈንቅለ መንግሥት አላሰበም። አሸንፎ ነበር፤ ስላሸነፈም ከሾመው በላይ የሚያውቅ መሰለው፤ ከሾሙት ውስጥም ብዙዎቹ ለጥቂት ወራት እንደዚያው መስሏቸው ነበር።

ቃኘው ሻለቃ ሲደርስ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ነው። ይህ ሬጅመንት ኢንቾን ላይ ከማሪኖቹ ተከትሎ የወረደ፣ የሃንን ወንዝ ተሻግሮ ሴኡል የገባ ጦር ነው። ሃምሳ አለቃው የነገሩን የጄኔራሉ ወሬ በአንድ ምሽግ ውስጥ ከእነዚያ ወታደሮች አፍ የሰሙት ይመስለኛል። ወታደሮቹ አዲስ ለመጡት የእኛ ልጆች ያወሩላቸው ስለ ያሉ ወንዝ ሽሽት ሳይሆን ስለ ኢንቾን ግንብ መሆኑም አያጠራጥርም። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ሞተዋል፤ የተማረከ አንድም የለም።

ማክአርተር ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። በ1952 ለፕሬዚዳንትነት ስሙ ቢነሳም ፓርቲው የመረጠው በአንድ ወቅት ረዳቱ የነበረውን አይዘንሃወርን ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በሆቴል መኖሪያ ቤቱ እየኖረ የአንድ ኩባንያ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነ። ጦርነቱ ይስፋ ያለው ሰው በ1961 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ በእስያ ምድር የእግረኛ ጦር እንዳያስገባ መክሮታል። ኢንቾን ውስጥ በ1957 የቆመለት ሐውልት ይፍረስ አይፍረስ በሚል በ2005 ኮሪያውያን ተደባድበዋል፤ ሐውልቱ አልፈረሰም። ኤፕሪል 5 ቀን 1964 በ84 ዓመቱ ሞተ፤ ደብዳቤው በምክር ቤት በተነበበ በአሥራ ሦስተኛ ዓመቱ በዕለቱ። የተቀበረው በቨርጂኒያ ግዛት ኖርፎክ ከተማ ነው። መቃብሩ ያለበት ጉልላት ያለው ሕንፃ ቀድሞ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ኋላም ፍርድ ቤት ነበር።